ምሳዋን የማትበላ ጓደኛ ያለቻት ልጅ ለማን ትናገር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖርና በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት የማስተምር እናት ነኝ። የምጽፍላችሁ በአፍላ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆቻችን ከምግብ ጋር ተጣልተው ስለሚታመሙት ሕመም ነው። ጉዳዩ በወላጆች ስብሰባም ሆነ በጋዜጣ ሲነሣ እምብዛም አላይም፤ ሲነሣም የሚወራው ስለ ሐኪሙና ስለ ወላጁ ነው። እኔ ግን በመምህርነቴ ካየሁትና ካነበብሁት ተነሥቼ አንድ ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። ይህን ሕመም ከማንም ቀድማ የምታውቀው የታመመችው ልጅ ጓደኛ ናት፤ ይህች ጓደኛ ግን ያወቀችውን ይዛ የምትሄድበት ሰው የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ቤታችን ምግብ የሚቀርበው በአንድ ትሪ ነው፤ አባት፣ እናትና ልጆች፣ ካለም እንግዳ፣ ዙሪያውን ተቀምጠው ከአንድ እንጀራ ይቆርሳሉ። አብሮ መብላት የምንዋደድበት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማን ምን ያህል እንደ በላ አያሳይም። መብላት የፈራች ልጅ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ታጠቅሳለች፣ የጠቀለለችውን ለታናሽ ወንድሟ ታጎርሳለች፣ ወጥ ለመጨመርና ውኃ ለማምጣት ደጋግማ ትነሣለች፣ በመጨረሻም ከሁሉም ጋር እጇን ትታጠባለች፤ ቤተሰቡም በልታለች ብሎ ይነሣል። እንዲያውም ወጡን የሠራችው፣ ሌላውን «ብሉ እንጂ» እያለች የምታስተናግደው እርሷ ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ስለ ምግብ አብዝቶ ማሰብና ለሌላው ማብሰል የዚህ ሕመም የታወቀ ጠባይ ነውና። ትምህርት ቤት ግን እያንዳንዱ የራሱን ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች የማን ምሳ ዕቃ ሳይነካ እንደሚመለስ፣ ማን «ጨጓራዬን አሞኛል» እያለች ምሳዋን እንደምታድል፣ ማን በልታ እንደ ጨረሰች ወደ መጸዳጃ ቤት እንደምትሄድ ያውቃሉ። በፀሐይ ቀን ሹራብ ደራርባ የምትመጣውን፣ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ የሚጨልምባትን፣ ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ የሚወጣውን፣ የወር አበባዋ መቅረቱን በጆሯቸው ሹክ ያለቻቸውን ልጅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ስለ ሕመሙ ራሱ በአጭሩ ልናገር። ሐኪሞች አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚሉት ምግብን ሰውነት እስኪራብ ድረስ መከልከል ነው። ቡሊሚያ ነርቮዛ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ፣ ከዚያም በማስመለስ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመውሰድ ወይም ያለ ልክ ስፖርት በመሥራት የተበላውን ለማካካስ መሞከር ነው። ሳያስመልሱ፣ ራስን መግታት እያቃተ፣ በኀፍረትና በድብቅ አብዝቶ መብላትም ከእነዚህ ሕመሞች ይቆጠራል። አኖሬክሲያ ነርቮዛ ይህን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል ነው፤ ስለዚህ ቲክቶክ የወለደው ነገር አይደለም። ወንዶች ልጆችንም ይይዛል፤ በጂምና በጡንቻ ስም ስለሚሸፈን ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። የታመመ ሁሉ የከሳም አይደለም፤ በተለይ የሚያስመልሱት ልጆች ክብደታቸው እንደ ማንኛውም እኩያቸው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከአእምሮ ሕመሞች መካከል አኖሬክሲያ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ የሚገድለውም በረኃብ በሚዳከመው ልብ ምክንያትና ታማሚው የገዛ ሕይወቱን በማጥፋቱ ነው።

በእኛ ሰፈር ይህን መናገር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የጤፍን ዋጋ በየሳምንቱ የምትቆጥር፣ ልጆቿን ለማብላት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ታክሲ የምትጠብቅ እናት፣ ልጇ የቀረበላትን ምግብ ስትገፋ ብታይ «ጥጋብ ነው» ብትል አይፈረድባትም። ምግብ በጠፋበት ዘመን የኖረ ሰው ምግብ እያለ መራብን እንደ ኃጢአት ቢያየው የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ የጥጋብ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በፈቃዳቸው የመጡ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀንሰው አጠኗቸው። እነዚያ ወጣቶች ከመክሳታቸው ሌላ ተነጫነጩ፣ በሐዘን ተዋጡ፣ ከሰው ራቁ፣ ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ፣ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እስከ መሰብሰብ ደረሱ። ረኃብ ራሱ አእምሮን ይለውጣል ማለት ነው። አንዲት ልጅ በዚህም ሆነ በዚያ ምክንያት ምግብ መቀነስ ከጀመረች በኋላ ረኃቡ ሐሳቧን ያጠብበዋል፣ የጠበበው ሐሳብ ደግሞ ረኃቡን ያጸናዋል። ቁጣና ክርክር የማይሠራው ስለዚህ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ሕመም ነው፤ እኛ ዘንድ የሚወደደው ሞላ ያለ ሰውነት ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። በፊጂ ደሴቶችም እንዲሁ ነበር፤ የሞላ ሰውነት የጤናና የቤተሰብ እንክብካቤ ምልክት ሆኖ የኖረበት አገር ነው። በአንድ የፊጂ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ አን ቤከር የተባሉ ተመራማሪ በዚያው ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ክብደቷን ለመቀነስ ብላ አስመለስሁ ያለች አንዲት እንኳ አልነበረችም፤ በ1998 ግን ከመቶ 11.3 የሚሆኑት አዎ ብለው መለሱ። ያ በአንድ ሳሎን የተቀመጠ ቴሌቪዥን ነው። የእኛ ልጆች ስልኩን በእጃቸው ይዘው ያድራሉ፤ ማቅጠኛ ሻይ የሚያስተዋውቁ ሰዎችም በአማርኛ ይናገሯቸዋል።

ከዚህም ይልቅ በጥንቃቄ ልናገረው የምፈልገው ስለ ጾም ነው። እኔ ራሴ ጿሚ ነኝ፤ ጾምን የምነቅፍ የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው ያንብበኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ፍልሰታን ሕፃናት ሳይቀሩ በደስታ ይጾሙታል፤ ሙስሊም ተማሪዎቻችንም ረመዳንን ይጾማሉ። ጤነኛ ልጅ ከዚህ ሁሉ ሳትጎዳ ትወጣለች። የታመመችው ልጅ ግን ጾምን መሸሸጊያ ታደርገዋለች፤ «ለምን አልበላሽም?» የሚላት አይኖርምና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ያለችው እስከ ማታ ታደርሰዋለች፤ ያልታወጀ ጾም ትጨምራለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋሲካ ሲመጣ ትፈራለች። ቤቱ ሁሉ በዶሮ ወጥ ሲገድፍ እርሷ ሆዷን እንዳመማት ትናገራለች። ለእግዚአብሔር የጾመ ሰው ጾሙ ሲፈታ ይደሰታል፤ በእርሷ ዘንድ ግን ጾሙ አይፈታም። እኔ ለተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድሞ የምነግራቸው ምልክት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናትም ይህን ያስታውሰኛል፤ በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 ሴት ተማሪዎች ተመዝነው፣ 10 የሚሆኑት ሌላ ሕመም ሳይገኝባቸው ራሳቸውን በማስራብ ብቻ ከመጠን በላይ የከሱ ሆነው ተገኙ። አንዳቸውም ውፍረትን ፈርተው አልነበረም፤ ሁሉም ምግብ መተዋቸውን በመልካም የሚያዩትና በሃይማኖት ቋንቋ የሚገልጹት ነበሩ። ስለዚህ አንዲት ልጅ ስለ ቅጥነት ምንም ሳትናገር፣ መልካም ነገር እየሠራሁ ነው ብላ እያመነች፣ በእውነት ልትታመም ትችላለች። ሃይማኖቶቻችን ለሕመምተኛ የሚራሩ ናቸው። የንስሐ አባት የታመመን ሰው ከጾም ያሳርፋሉ፤ ቁርኣንም የታመመ ሰው በሌላ ጊዜ እንዲጾም ይፈቅዳል። ወላጆች ልጃቸውን ወደ ፀበል ሲወስዱም በባዶ ሆድ እንዳትውል አባቶችን አስቀድመው ቢያማክሩና ሕክምናውን ሳያቋርጡ ጎን ለጎን ቢያስኬዱት እለምናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጓደኛዋ ልመለስ። አንዲት ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀርታ ያለችኝን ማንነቷን በማይገልጥ መንገድ ልጻፈው። «ቲቸር፣ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ምሳዋን በየቀኑ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ ካልበላሁላት ትጥለዋለች። እየበላሁላት ልቀጥል ወይስ ተይ ልበላት?» ይህች ልጅ የጓደኛዋን ምሳ እየበላች ሚስጥሯን በሆዷ ይዛ ነበር፤ የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር፣ መሐላ ማፍረስንና ጓደኛዋን ማጣትን። በእኛ አገር መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጅቱን «ተይው፣ መሐላ ምንድን ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የመለስሁላት እንዲህ ብዬ ነው፦ የሰውን ሕይወት የሚጎዳ ሚስጥር አንድ ልጅ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባትም፤ ነገር ግን ከኋላዋ አትናገሪ፣ አስቀድመሽ ለራሷ ንገሪያት። «እወድሻለሁ፣ ፈርቼልሻለሁ፣ ብቻዬን ልይዘው አልቻልሁም፤ አብረን ለአንድ ትልቅ ሰው እንንገር፣ ካልፈለግሽ ግን እኔ እናገራለሁ» በያት። እንዲህ አደረገች። ጓደኛዋ ተቆጣች፣ ለጥቂት ጊዜም አኮረፈቻት። ዛሬ በሕክምና ክትትል ላይ ናት፤ ሁለቱም እንደገና አብረው ይቀመጣሉ፤ የቀረው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።

እንዲህ ያለውን ንግግር የት፣ መቼና እንዴት እንደሚጀምሩት ልጆቹን ማስተማር ይገባል። በምግብ ሰዓት አይሆንም፤ ምግቡ ፊቷ ሲቀርብ ፍርሃቷ ከሁሉም ጊዜ ይበልጣል። በሰው ፊትም አይሆንም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግር ሲሄዱ፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ቢነጋገሩ ይቀላል። ስለ ሰውነቷ ሳይሆን ስላዩት ነገር ይናገሩ፤ «ባለፈው ስትወድቂ ደነገጥሁ»፣ «ከእኛ ጋር መሳቅ ትተሻል» ይበሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ክዳ «ምንም አልሆንሁም» ብትል አይደነቁ፤ አለመቀበል የሕመሙ ክፍል ነው፤ ሌላ ቀን እንደገና ይጠይቋት።

እዚህ ላይ ጉርሻን ልጥቀስ። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ብሎ ማጉረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ጥግ ነው፤ ለዚህች ልጅ ግን በግድ የገባ ጉርሻ ያስጨንቃታል፣ ከማዕድም ያርቃታል፣ ብዙ ጊዜም ለማስመለስ ይገፋፋታል። ሰላምታችንም እንዲሁ ነው። «ወፈርሽ» እና «ከሳሽ» እንደ እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉ በየደረጃው የምንወራወራቸው ቃላት ናቸው። መዳን የጀመረችን ልጅ «ተመስገን፣ ወፈር ብለሻል» ብሎ መመረቅ ደግነት ነው፤ እርሷ ግን የምትሰማው የፈራችው ነገር እንደ ደረሰባት ነው። «ቀጥነሽ አምሮብሻል» ማለትም ሕመሙን ማሞገስ ነው። የልጆቻችንን ሰውነት ለሰላምታ ማድረጋችንን ብንተው፣ ለታመሙትም ላልታመሙትም ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ጓደኛዋ ያየችው ነገር ለሐኪሙም ያስፈልገዋል። የከሳች ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ባለሙያዎቹ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለአንጀት ጥገኛ ትላትል፣ ለስኳርና ለእንቅርት ይመረምሯታል፤ እነዚህም ሰውነት ስለሚያከሱ መመርመራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ልጅቱ ራሷን እያስራበች መሆኑን ካልተናገረች፣ እናቷም ካላወቀች፣ ምርመራው ሁሉ ነፃ ይሆንና በጨጓራ መድኃኒት ትሸኛለች። በጠና የታመመችም ብትሆን የደም ምርመራዋ ደኅና ሊመስል ይችላል። «ከጥምቀት ወዲህ ምሳ አትበላም፣ ከበላች በኋላ ታስመልሳለች» የሚለው የጓደኛዋ ቃል ግን የሐኪሙን ጥያቄ ይለውጠዋል፤ የልብ ምቷን፣ ተኝታና ቆማ የደም ግፊቷን፣ በደሟ ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠን እንዲያይ ያደርገዋል። የሚያስመልሱና የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ፖታሲየማቸው ይቀንሳል፤ ይህም የልብን ምት ያዛባል።

ብዙ ጊዜ የተራበች ልጅ ቤተሰቦቿ ነገሩን ባወቁ ቀን በድንጋጤ ቅቤና ገንፎ፣ ሥጋና ጥሬ ወተት በአንድ ጊዜ ቢያቀርቡላት ሌላ አደጋ አለ። ረጅም ረኃብ ያሳለፈ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ይወርድና ልብንና መተንፈስን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ በጣም የከሳች ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም ክትትል ልትመገብ ይገባል። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት ወይም ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ደም ካስመለሰች፣ ውኃ እንኳ አልጠጣ ካለች፣ ወይም መሞትን ከተናገረች ግን ጓደኛዋ ማንንም ማስፈቀድ የለባትም። በአቅራቢያዋ ያለውን ትልቅ ሰው ትጥራ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ለአእምሮ ሕክምና ከእኛ ሰፈር የሚቀርበው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ከሁሉ የታወቀው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ መርካቶ አጠገብ ስለሆነ፣ ከየካ አባዶ ተነሥቶ መገናኛን አልፎ እዚያ መድረስ ግማሽ ቀን የሚወስድ ነው። ይህን የምጽፈው ርቀቱ በጓደኛ አቅም የሚወጣ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ጎረቤት «አማኑኤል ሄደች» እንዳይል የሚሰጉ ወላጆችም አሉ፤ ለእነርሱ የምለው ሕክምናው በዋናነት በቤታቸው እንደሚካሄድ ነው። ለታዳጊዎች ብዙ ማስረጃ የተገኘለት መንገድ በለንደን ማውድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው፣ ወላጆች በሐኪም እየተመሩ የልጃቸውን ምግብ ለጊዜው ራሳቸው የሚወስኑበትና አብረዋት ተቀምጠው የሚያበሉበት ሕክምና ነው። ማብላትና አብሮ መቀመጥ ደግሞ የእኛ እናቶች የሚያውቁት ሥራ ነው። ለጊዜው ምግቧን በራሷ ሳህን ቢያደርጉላት ምን ያህል እንደ በላች ያያሉ። ወንድሞቿ፣ እኅቶቿና ጓደኞቿ ግን ጠባቂ አይሁኑ፤ የእነርሱ ድርሻ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ሌላ ነገር ማጫወት፣ ከበላች በኋላም ጭንቀቱ እስኪያልፍላት አብረው መቆየት ነው።

ጓደኛዋም ትደክማለች። ከምትወዳት ልጅ ጋር ምግብ መቀነስ የምትጀምር አለች፤ ሌሊት መልእክት እየጠበቀች የማትተኛ አለች፤ «ብትሞት በእኔ ነው» ብላ የምታምን አለች። እርሷ የማዳን ግዴታ እንደሌለባት፣ ሐኪሟም እናቷም እንዳልሆነች፣ ደጋግመን ልንነግራት ያስፈልጋል። ከእርሷ የምንፈልገው ጓደኛ ሆና እንድትቀር ነው፦ ልደት ሲኖር «አትበላም» ብላ ከመጥራት እንዳትቀር፣ የቤት ሥራውን አብራ እንድትሠራ፣ ስለ ፈተናውና ስለ ኳሱ እንደ ድሮው እንድታወራት።

የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በየትምህርት ቤቱ ተማሪ በሚስጥር ሊያነጋግረው የሚችል አንድ መምህር ወይም አማካሪ እንዲመድቡ፣ ስሙንም በየክፍሉ እንዲነግሩ እጠይቃለሁ። ተማሪዎችን በክፍል ፊት መመዘንና ክብደታቸውን ጮክ ብሎ መጥራት ካለም ይቅር። ጋዜጣችሁን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ በጤና ዓምዳችሁ ላይ አንድ የአእምሮ ሐኪምና አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ ስለዚህ ሕመም በአማርኛ እንዲጽፉ አድርጉልን። ጽሑፉ ቢቻል ከዐቢይ ጾም በፊት ቢወጣ፣ ቆርጠን በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ለወላጆችም በስብሰባ ቀን እናነብላቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት
ከየካ አባዶ፣ አዲስ አበባ